የእማማ ፀሐይ ሰባት ወር

በፌብሩዋሪ 2023 አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ወጥቶ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ ኔታንያ ሔፍጺባ ሰፈር በእኛ ሳሎን የእድራችን ኮሚቴ ተሰብስቦ ነበር። በዚያው ሳምንት የአንዲት አባላችን ወንድም ጎንደር ላይ አርፎ መርዶ ተነግሯቸዋል። እውነተኛ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እማማ ፀሐይ እንበላቸው። የእሳቸውም ስም እንደዚህኛው ስም በብዙ መልክ የሚጻፍ ነው። የኮሚቴው ጥያቄ አጭር ነበር፤ ባለፉት 24 ወራት መዋጯቸውን ከፍለዋል ወይ? በደንባችን ከሦስት ወር በላይ ያጎደለ አባል የልቅሶ ገንዘብ አያገኝም።

መልሱ የሚጠበቀው ከእኔ ነበር። ጥግ ላይ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሲኒያቸውን ይዘው ያዩኛል። ስማቸውን ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። 17 ክፍያ፣ 850 ሸቄል። የመጨረሻው በጁን 2022 የተከፈለ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

«መክፈል ካቆሙ ሰባት ወር ሆኗቸዋል» አልኩ።

እማዬ ከረከቦቱ ቀና ብላ «እኔ ከእጃቸው የተቀበልኩ ይመስለኛል እኮ» አለች። አንዱ ሽማግሌ «ይመስለኛል ምን ይረባል? ኮምፒውተሩ ይኸው ተናገረ» አሏት። ክፋት አልነበራቸውም። ያመኑት እኔን ነው፤ የተማረች ልጅ፣ በቤተሰቧ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገባች። ውሳኔው ለማክሰኞ ተቀጠረና ሰው ተበተነ።

በማግስቱ ነገሩ እማማ ፀሐይ ጆሮ ደረሰ። «አንድም ወር አላጎደልኩም። ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሌባ ልባል?» ብለው አለቀሱ ተባለ። ማንም ሌባ አላላቸውም። ግን ለአንድ ሐዘንተኛ «አልከፈልሽም» ማለት ከዚያ በምን ይለያል? እማማ ፀሐይ ፊደል አልቆጠሩም። ደረሰኝ ጠይቀው አያውቁም። የያዙት ዋስትና የእኛን ቃል ብቻ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ሳምንት ስለሆነው ነገር ነው። ስለ አንድ የሂሳብ ፕሮግራምና ፕሮግራሙ ቃል ስለሚፈልግበት መንገድ ነው። ለእናንተ ለተማሪዎች ብቻ ሳይሆን የእድርና የእቁብ ደብተር ለያዙ ወላጆቻችንም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። የእድራችን ሂሳብ ለዓመታት የኖረው በአንድ ሰማያዊ ደብተር ነው። መጀመሪያ የያዙት አንድ አዛውንት ናቸው፤ በልጅነታቸው ከቄሶች ዘንድ ግዕዝ የተማሩ፣ ለፊደል የሚጠነቀቁ ሰው። በጁን 2022 መጨረሻ ዓይናቸው ሲደክም ደብተሩን ለእማዬ አስረከቡ። እማዬ ማንበብና መጻፍ የለመደችው በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ጎንደር ገጠር፣ ከብት አስገብታ፣ ማታ ማታ። ከኖቬምበር ጀምሮ ደግሞ እጇን ስላመማት እሷ እየነገረችኝ እኔ እጽፍ ጀመር። እኔ እዚህ አገር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ የማውቀውን ፊደል ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ።

ሦስት እጅ፣ ሦስት ዓይነት ትምህርት። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ላስገባ ስል ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር የሰፈራችን ልጅ ኤች-ሌጀር የሚባል ፕሮግራም አሳየኝ። አባቱ ሌጀር ነው ማለት ይቻላል፤ እሱን ጆን ዊግሊ በ2003 ጻፈው። ሳይመን ማይክል ደግሞ በ2007 ኤች-ሌጀርን ጀመረ። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። እኔ የምጠቀምበት በትእዛዝ መስመር ነው፤ ጥቁሩ መስኮት ላይ ጥያቄውን በጽሑፍ ትሰጡታላችሁ፣ መልሱን በጽሑፍ ይሰጣችኋል። የወደድኩት ሂሳቡ ራሱ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ነው። ፕሮግራሙ ነገ ቢጠፋ እንኳ ፋይሉን ማንም ከፍቶ ያነበዋል፤ ልክ እንደ ደብተሩ። አንድ ክፍያ እንዲህ ይጻፋል፦

2023-01-08 የጃንዋሪ መዋጮ
    ሣጥን    ₪50
    መዋጮ:ጸሀይ    ₪-50

ገንዘቡ ወደ ሣጥኑ ገባ፤ የመጣው ከመዋጮ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ጋ ሲደመር ሌላው ጋ ይቀነሳል። ሁለቱ ተደምረው ዜሮ ካልሆኑ ፕሮግራሙ «ተሳስተሻል» ይላል። ይህ የድሮ ነጋዴ ሂሳብ ነው፤ አዲስ ነገር የለውም። በሂሳቡ ስምና በገንዘቡ መካከል ቢያንስ ሁለት ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ቀን ያስቸገረኝ ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

ደብተሩን እንደተጻፈው ገለበጥኩት። አንዲት ፊደል እንዳላዛባ ተጠነቀቅሁ። ጉድ ያደረገኝም ይኸው ጥንቃቄዬ ነው።

እሑድ ማታ፣ የእማማ ፀሐይን ለቅሶ ከሰማሁ በኋላ፣ ሰማያዊውን ደብተር ከፈትኩ። የጁላይ 2022 ገጽ። በእማዬ እጅ «ፀሃይ 50» ይላል። ኦገስት፣ «ፀሃይ 50»። ኖቬምበር በእኔ እጅ፣ «ጸሀይ 50»። አዛውንቱ ግን 17ቱን ወር ሁሉ «ፀሐይ» ብለው ነው የጻፉት፤ ቅዳሜ ማታ የፈለግሁትም የእሳቸውን አጻጻፍ ብቻ ነበር። እማማ ፀሐይ መክፈል አላቆሙም። ያቆሙት አዛውንቱ ናቸው፤ መጻፍ።

በአማርኛ ስናነብ ሦስቱም አንድ ስም ናቸው። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እየተባለ ሲለዩ ሰምቷል። እሳቱ ሰ አለ፣ ንጉሡ ሠ አለ። አልፋው አ አለ፣ ዓይኑ ዐ አለ። ጸሎቱ ጸ አለ፣ ፀሐዩ ፀ አለ፤ የመጨረሻው ፊደል መጠሪያ ያገኘው ከዚሁ ከእማማ ስም ነው። በግዕዝ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ ነበረው። በአማርኛ ድምፁ አንድ ሆነ፤ ፊደሉ ግን ቀረ። ስለዚህ ቀለም የጠገበ ሰው አንዱን ይመርጣል፣ በዘመቻ የተማረች ሴት ሌላውን፣ ኔታንያ ወጥ ቤት የተማረች ልጅ ደግሞ የቀለላትን።

ኮምፒውተር ድምፅ አይሰማም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የተለያየ ቁጥር ተሰጠው። ለማሽኑ ጸ እና ፀ የሚለያዩት ሀ እና መ በሚለያዩበት ልክ ነው። እና ትክክል ነው፤ ባይለያቸው ኖሮ የአዛውንቱን ጥንቃቄ ያጠፋው ነበር። ስሙን አንድ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው።

መፍትሔው እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ነበር። ኤች-ሌጀር የምትፈልጉትን የሂሳብ ስም የሚያነበው እንደ ተራ ቃል ሳይሆን ሬጉላር ኤክስፕሬሽን እንደሚባለው የፍለጋ አብነት ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ በ1950ዎቹ ከሒሳብ ሊቁ ስቲቨን ክሊኒ ተነሣ፣ በ1968 ደግሞ ኬን ቶምሰን ኮምፒውተር በእንዲህ ያለ አብነት ጽሑፍ ውስጥ እንዴት እንደሚፈልግ አሳየ። ለእኛ የሚያስፈልገን ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ብቻ ነው።

የማዕዘን ቅንፍ [ ] ማለት «በዚህ ቦታ ከእነዚህ ፊደላት አንዱ ይሁን» ማለት ነው። [ጸፀ] ብትሉ ወይ ጸሎቱ ጸ ወይ ፀሐዩ ፀ። ነጥብ . ማለት «ማንኛውም አንድ ፊደል»። ቋሚ መስመር | ማለት «ወይም»። ^ መጀመሪያን፣ $ መጨረሻን ያመለክታል። የእኛ ፊደል አናባቢውን በውስጡ ስለያዘ አንድ ቀለም እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራል፤ ይህ ሥራውን ያቀለዋል። የእማማ ስም እንዲህ ሆነ፦

[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ

ለመጀመሪያው ቦታ ሁለት ምርጫ፣ ለሁለተኛው ስድስት፣ ለሦስተኛው አንድ። ሲባዛ 12 አጻጻፍ፤ ሁሉም «ፀሐይ» ተብሎ የሚነበብ። አብነቱን በነጠላ ጥቅስ ውስጥ አስገብቼ ጠየቅሁት። ጥቅሱ ካልተደረገ ጥቁሩ መስኮት ምልክቶቹን ለራሱ ሊተረጉማቸው ይችላል።

47 ክፍያ። 2,350 ሸቄል።

በ24 ወር ውስጥ 47 ጊዜ የሚከፍል ሰው የለም። ቅዳሜ ማታ ያጎደሉ ያልኳቸው ሴት አሁን ሁለት እጥፍ ሊከፍሉ ምንም አልቀራቸውም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር፤ «ተገኘ!» ብዬ ላፕቶፑን ልዘጋ ነበር። ዝርዝሩን ሳየው ግን ግማሹ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። እድራችን ውስጥ ዓለምፀሐይ የሚባሉ ሌላ አባል አሉ። አብነቴ የስማቸውን ጅራት አግኝቶ እሳቸውንም ጎትቶ አመጣቸው። መጀመሪያ መረቡ ጠቦ እማማን ጣልኳቸው፤ አሁን ደግሞ ሰፍቶ የሌላዋን እናት ገንዘብ ለእሳቸው ቆጠርኩ። ሁለቱም ስሕተት የሰው ገንዘብ ነው።

ማስተካከያው ሁለት ምልክት ነው። ከስሙ በፊት መዋጮን ከስም የሚለየውን ሁለት ነጥብ : ጨመርኩ፤ ስሙ ከዚያ እንዲጀምር። ከኋላው $ ጨመርኩ፤ ስሙ እዚያ እንዲያልቅ፤ ነገ ፀሐይነሽ የምትባል አባል ብትመጣ እንዳትቀላቀል።

:[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ$

23 ክፍያ። 1,150 ሸቄል። 17 በአዛውንቱ እጅ፣ 4 በእማዬ፣ 2 በእኔ። በደንቡ መሠረት አንድ ወር ያጎደለ ሰው ይከፈለዋል። ጉዳዩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር።

ግን እማማ ፀሐይ «አንድም ወር» ነው ያሉት። የጎደለው ዲሴምበር ነበር። ሰኞ ከክፍል ስመለስ ከእማዬ ጋር ልቅሶ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ጉልበታቸውን ስሜ። «ኧረ ተይ ልጄ፣ ተነሺ» አሉኝ። ሰው ቀለል ሲል ጎናቸው ቁጭ ብዬ ስለ ዲሴምበር ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ያን ጊዜ ወገቤን አሞኝ ተኝቼ ነበር። ልጄ ናት በስልኳ የላከችላችሁ» አሉ።

በቢት የሚላከው ገንዘብ የሚገባው በእማዬ የባንክ ሂሳብ ነው፤ እኔ የባንኩን ዝርዝር በፋይል አውርጄ ለኤች-ሌጀር እሰጠዋለሁ። ዝርዝሩ በዕብራይስጥ ነው። ለእሱ ደግሞ የተለየ የደንብ ፋይል አለ፤ «በመስመሩ ውስጥ ይህን አብነት ካገኘህ ወደዚህ ሂሳብ አስገባው» እያላችሁ ትጽፉለታላችሁ። ለአንድ መስመር የሚሆን አብነት ካላገኘ ገንዘቡን «ያልታወቀ ገቢ» ውስጥ ያስቀምጠዋል። ማታ ከፍቼ ሳየው የዲሴምበሩ 50 ሸቄል እዚያ ተቀምጧል፤ በልጃቸው የዕብራይስጥ ስምና በአባቷ አባት ስም። ብዙዎቻችን እንደምታውቁት ቤት ውስጥ የምንጠራበት ስምና መታወቂያችን ላይ ያለው ስም አይገናኙም። በዚያ መስመር ላይ ከእማማ ስም አንዲት ፊደል የለችም። በዓለም ላይ ያለ አብነት ሁሉ ቢደረደር አያገኘውም። ያገኙት እማማ ራሳቸው ናቸው፣ ስለጠየቅኋቸው።

24 ከ24። ማክሰኞ ኮሚቴው ፊት ላፕቶፑን ከመክፈቴ በፊት ደብተሩን ከፈትኩ፤ ሦስቱን የእጅ ጽሑፍ አሳየኋቸው። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው የእኔን «ጸሀይ» አዩና «ይኼ እንኳ ስም አይደለም» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ። ገንዘቡ በዚያው ማታ ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም አባል እንደገና አየሁ። ዓለም በአራት መልክ ሊጀምር ይችላል፤ [አኣዐዓ]ለም። ኃይሌ አለ፣ ሠናይት አለ። በስማቸው ውስጥ ከእነዚህ ፊደላት አንዱ ያለበት አባል ሁሉ ለእንዲህ ያለ ነገር የተጋለጠ ነበር፤ የእነሱ ሳይታይ የቀረው ልቅሶ ስላልደረሰባቸው ብቻ ነው።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። ኤች-ሌጀር የአንድን ስም ብዙ አጻጻፍ ወደ አንድ የሚመልስ ደንብ አለው፤ በግራ አብነቱን፣ በቀኝ የተመረጠውን ስም ትጽፋላችሁ፤ ከክፍያዎቹ በላይ፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ። በዚህ ደንብ የተጻፈው ነገር አይለወጥም፤ ሪፖርቱ ላይ ብቻ አንድ ሆኖ ይወጣል። የእማዬ «ፀሃይ» እንደ ጻፈችው አለ። ሁለተኛ፣ የአባላቱን ስም ከነአባት ስማቸው በዝርዝር አስመዘገብኩና ጥብቅ ቁጥጥሩን አበራሁት፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ስም ብጽፍ ፕሮግራሙ አልቀጥልም ይላል። ሦስተኛው ደንብ በኮምፒውተሩ ውስጥ የለም፤ «ያልታወቀ ገቢ» ባዶ ሳይሆን ማንም «አልከፈለም» አይባልም።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ሁሉ ከማድረግ ስማቸውን መጀመሪያውኑ በአንድ ዓይነት መጻፍ አይሻልም ወይ ትሉ ይሆናል። ለወደፊቱ አዎ፣ እሱን ነው የምናደርገው። ያለፈውን ግን ሦስት ሰዎች እንደሚያውቁት ጽፈውታል፤ አንዳቸውም አልተሳሳቱም።

የምማረው ሶሻል ወርክ ነው። በሙያ ልምምድ ላይ ፋይል እናነባለን፣ ስም እንፈልጋለን፣ ሰው «አለ» ወይም «የለም» እንላለን። ልጅ ሆኜ ለእማዬ አስተርጓሚ እየሆንኩ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስንዞር «በኮምፒውተሩ ላይ አይታይም» የሚለውን መልስ ስንት ጊዜ ተርጉሜላታለሁ። የእናንተም ልጅነት ከዚህ ብዙ አይለይም። ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው ነበር። በዚያ ቅዳሜ ማታ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ ሳሎናችን፣ በገዛ ቋንቋችን። ማንም አልበደለኝም፣ ማንንም ልበድል አልፈለግሁም። አንድ አጻጻፍ ብቻ ፈለግሁና ያላገኘሁትን «የለም» አልኩ።

ስለዚህ የእድር፣ የእቁብ ወይም የማኅበር ሂሳብ ለምትይዙ አንድ ምክር አለኝ። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመድ ነገር ነው፤ የምትጠቀሙበት ፕሮግራም ምንም ይሁን ምን የእኛን ስሞች ስትፈልጉ እነዚያን የማዕዘን ቅንፎች አትርሱ። ሰፍቶ የመጣውን ዝርዝር አንድ በአንድ እዩት። ከዚያም በስሙ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ለባለስሙ ደውሉ።

የመጨረሻው ነገር። የመመለሻውን ደንብ ስጽፍ በቀኝ በኩል የትኛውን አጻጻፍ ላድርግ ብዬ እማማ ፀሐይን ጠየቅኋቸው። ስማቸው በ12 መልክ ሊጻፍ እንደሚችል ሲሰሙ ገረማቸው። ወረቀት ላይ ሦስቱን ጻፍኩላቸው፤ የአዛውንቱን፣ የእማዬን፣ የእኔን። ማንበብ ባይችሉም ወረቀቱን አንስተው ደጋግመው አዩት።

«ከእነዚህ የአባቴ ቄስ የሚጽፉት የትኛው ነው?» አሉኝ።

ፀሐዩ ፀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ይ። ፋይሉ ውስጥ ያለው እሱ ነው።